ከጣሪያ ወይስ ከኋላ? የብስክሌት መጫኛ ከመግዛታችሁ ወይም ከማስበየዳችሁ በፊት

ብስክሌት መኪና ላይ መጫን ቀላል ነገር ይመስላል። ሁለት ብረት፣ ሁለት ገመድ፣ አለቀ። እኔም እንደዚያ ብዬ ነው የጀመርኩት። እስካሁን ሦስት መጫኛ በእጄ ሠርቻለሁ። የመጀመሪያው ተሰነጠቀ፣ ሁለተኛው መንገዱን ሙሉ ሲንቋቋ ራሴን አዞረው፣ ሦስተኛው አሁንም አለ። ተሠርተው ከሚሸጡትም ሁለት ዓይነት ተጠቅሜያለሁ። ይህን የምጽፈው «የቱ ይሻላል?» ለሚል ሰው ነው፣ ልግዛ ወይስ ላሠራ እያለ ለሚያመነታም ጭምር።

ብዙ ሰው መኪናውን አይቶ ነው መጫኛ የሚመርጠው። እኔ ደግሞ ከብስክሌቱ ጀምሩ እላለሁ። ቀጥሎ አንድ ጥያቄ ብቻ ያዙ፦ ይህ ክብደት ከመኪናው ስንት ርቆ ነው የሚቀመጠው? ሰው ሁሉ ስለ ክብደት ያወራል፣ ብረት የሚሰብረው ግን ርቀቱ ነው። ወደ ኋላ ላይ በቁጥር አሳያችኋለሁ።

መጀመሪያ ብስክሌቱን መዝኑት

የሰው ሚዛን ይበቃል። ብቻችሁን ቁሙበት፣ ከዚያ ብስክሌቱን አንስታችሁ ቁሙበት፣ ልዩነቱን ያዙ። የኮርስ ብስክሌት አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 10 ኪሎ ነው። የተራራ ብስክሌት ከ12 እስከ 16። ኤሌክትሪክ ከሆነ ከ20 እስከ 30 ኪሎ ይገባል፣ እዚህ ላይ የመጫኛው ምርጫ ግማሹ ያለቀለት ነው። 25 ኪሎ ከራሳችሁ በላይ አንስታችሁ ጣሪያ ላይ አታወጡም። አንድ ቀን ታወጡታላችሁ፣ ሦስተኛው ቀን ላይ ወገባችሁ ይነግራችኋል።

ከዚያ ፍሬሙን እዩት። ላይኛው ቱቦ ቀጥ ያለ ነው ወይስ እግር ለማሻገር እንዲመች ዝቅ ብሎ የተሠራ? ከካርቦን ነው? ፓራፋንጎ አለው? ጎማው ስንት ይወፍራል? የኮርስ ጎማ ከ23 እስከ 32 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ የተራራው 50 እና 60 ሚሊሜትር ይደርሳል፣ ያ ወፍራሙ የአሸዋና የበረዶ ብስክሌት ደግሞ 100ን ያልፋል። አንድ መጫኛ ሁሉንም ይይዛል የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ወፍራሙን ጎማ ይዛችሁ ሂዱና አሳየኝ በሉት።

ውስጥ መጫን፣ ማንም የማያስታውሰው አማራጭ

ብስክሌቱ አንድ ከሆነ፣ መንገዱም በወር አንዴ ከሆነ፣ መጫኛ ላያስፈልጋችሁ ይችላል። የፊት ጎማውን ፍቱ፣ የኋላ ወንበሩን እጠፉ፣ አሮጌ ብርድ ልብስ አንጥፉ፣ አስገቡ። ዝናብ አይነካውም፣ ሌባ አያየውም፣ ነዳጅ አይጨምርም። ሰንሰለቱ ያለበትን ጎን ወደ ላይ አድርጉ፣ አለዚያ የማርሽ መቀየሪያው ይጣመማል። ዲስክ ፍሬን ካለው ጎማውን ስታወጡ በፍሬን ሸራዎቹ መካከል ትንሽ ካርቶን ወይም ፕላስቲክ ሰክታችሁ ያዙ። ካልሰካችሁና በስህተት ፍሬኑን ከጨበጣችሁ ሸራዎቹ ይጠጋጉና ጎማውን መመለስ ሌላ ሥራ ይሆናል።

በደንብ እሰሩት ብቻ። ኃይለኛ ፍሬን ሲያዝ 15 ኪሎ ብረት ከጭንቅላታችሁ ኋላ ወደፊት መምጣት ነው የሚፈልገው።

ፒካፕ ያለው ሰው ደግሞ ዕድለኛ ነው። ከኋላ ሳጥኑ ወለል ላይ አንድ ጣውላ ማሰርና የፊት ሹካውን የሚይዝ ማሰሪያ በቡሎን መምታት ብቻ ነው። የኋላ በሩ ላይ ወፍራም ስፖንጅ ያለው ሸራ አንጥፎ የፊት ጎማውን ወደ ውጭ ማንጠልጠልም አለ፣ ፈጣን ነው፣ ግን አቧራማ መንገድ ላይ በስፖንጁና በፍሬሙ መካከል የሚገባው አሸዋ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ቀለሙን ይፍቀዋል።

ጣሪያ ላይ

ጣሪያ ላይ መጫን ሁለት ትልቅ ጥቅም አለው። የኋላ በራችሁ እንደ ልብ ይከፈታል፣ ታርጋና መብራትም አይሸፈንም። ብስክሌቶቹም እርስ በርስ አይጋጩም። ለአንድ ወይም ለሁለት ቀላል ብስክሌት ጥሩ ምርጫ ነው።

ችግሩ ሰው መመሪያውን አለማንበቡ ነው። የመኪናው መመሪያ ላይ ጣሪያው የሚችለው ክብደት ተጽፏል፣ ለብዙ የቤት መኪና ከ50 እስከ 100 ኪሎ መካከል ነው፣ 75 ኪሎ ብዙ ጊዜ ታገኛላችሁ። ይህ ቁጥር ፖርቶ መጋላውን ራሱን ይጨምራል። ሁለት አግዳሚና ሦስት መያዣ ቀላል 15 ኪሎ ሊሆኑ ይችላሉ። 75 ሲቀነስ 15፣ 60 ይቀራል። ሦስት የተራራ ብስክሌት ይገባል፣ ሁለት ኤሌክትሪክም በቁጥር ይገባል፣ ማን ያወጣዋል የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። አግዳሚዎቹም የራሳቸው ገደብ አላቸው። ከሁለቱ ትንሹን ነው የምትይዙት።

ሁለተኛው ቁመት ነው። መኪናው 1.5 ሜትር፣ ብስክሌቱ ቆሞ 1.1 ሜትር ገደማ፣ መካከል ላይ ያለው ብረት ሌላ 10 ሳንቲም። 2.7 ሜትር ሆናችሁ ማለት ነው። የምድር ቤት ማቆሚያ ደግሞ ብዙ ጊዜ 2 ሜትር አካባቢ ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ይረሳል። እኔ ከመሪው አጠገብ፣ ፍጥነት መለኪያው ላይ፣ «ሳይክል!» የሚል ቀይ ወረቀት እለጥፍ ነበር። ሳቁብኝ። ግን አንድም ቀን አልገጨሁም።

ሦስተኛው ነፋስ። የነፋስ ግፊት በፍጥነቱ ካሬ ነው የሚያድገው፣ ፍጥነታችሁ ከ50 ወደ 100 ሲሄድ ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ጣሪያ ላይ ያለ ብስክሌት ሙሉ ነፋሱን ነው የሚቀበለው። ከኋላ ያለው ግን መኪናው አስቀድሞ በሰነጠቀው አየር ውስጥ ተሸሽጎ ይሄዳል። ረጅም መንገድ የምትሄዱ ከሆነ በነዳጅም በድምፅም ይለያል። ከጎን የሚመታ ነፋስ ሲመጣና ኩርባ ላይ ደግሞ ክብደቱ ከላይ ስለሆነ መኪናው ከወትሮው ይበልጥ ያዘነብላል።

የጣሪያ መጫኛ በራሱ ሦስት ዓይነት ነው። አንዱ የፊት ጎማ ተፈትቶ ሹካው የሚታሰርበት ነው። ዝቅ ይላል፣ አይወዛወዝም፣ እሽቅድምድም ቡድኖች የሚወዱት ይሄን ነው። ግን የሹካውን ልክ ማወቅ አለባችሁ። የድሮው በ9 ሚሊሜትር ፐርኖ (ጎማውን ከሹካው የሚያያይዘው ዘንግ) እና በ100 ሚሊሜትር ስፋት ነው የሚሠራው። አዲሶቹ 12 በ100፣ 15 በ100፣ 15 በ110 እያሉ ይቀጥላሉ፣ ለእያንዳንዱ ማስማሚያ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ፍሬሙን በጥፍር የሚይዝ ነው። ርካሽና ፈጣን ነው፣ ለካርቦን ፍሬም ግን በጭራሽ። የካርቦን ቱቦ በርዝመቱ ጠንካራ ነው፣ ከጎንና ከጎን ሲጨመቅ ግን ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም ከቀለሙ ሥር ሊደበቅ ይችላል። ሦስተኛው ጎማዎቹን ብቻ የሚይዝ ነው። ፍሬም አይነካም፣ ማስማሚያ አይፈልግም። ጣሪያ ከመረጣችሁ እኔ ይሄን ነው የምለው፣ ትንሽ ቢከብድም።

ለጣሪያ መጫኛ አይኤስኦ 11154 የሚባል ዓለም አቀፍ ደረጃ አለ። ተሠርቶ የሚሸጥ ስትገዙ ማሸጊያው ወይም መመሪያው ላይ ፈልጉት። ጣሪያ ላይ የሚወጣ ነገር ራሳችሁ አትበይዱ የምለውም ለዚህ ነው። ከኋላ ያለው ቢወድቅ ክፉ ነው፣ ከላይ ያለው በ100 ኪሎሜትር ፍጥነት ቢበር ግን ከኋላችሁ ያለው ሾፌር መስታወት ላይ ነው የሚያርፈው።

በቀበቶ የሚታሰረው

የኋላ በሩ ላይ ተለጥፎ በስድስት ቀበቶና በመንጠቆ የሚያዘው ማለቴ ነው። ርካሽ ነው፣ ታጥፎ ወንበር ሥር ይገባል፣ የትኛውም መኪና ላይ ይሄዳል ይባላል። የመጨረሻውን አትመኑ። መንጠቆዎቹ የሚይዙት የበሩን የላሜራ ጠርዝ ነው። በሩ ከላይ እስከ ታች መስታወት ከሆነ፣ ወይም ጫፉ ላይ የፕላስቲክ ክንፍ ካለ፣ ወይም በሩ ራሱ ከፕላስቲክ የተሠራ ከሆነ መንጠቆው የሚይዘው ነገር የለም። ክንፉ ይገነጠላል፣ መስታወቱ ይሰበራል።

ሌላው፣ ቀበቶ ይላላል። አዲስ ቀበቶ ክብደት ሲያርፍበት ይለጠጣል፣ ዝናብ ሲነካው ደግሞ እንደገና። ቀበቶው ትንሽ ሲላላ መጫኛው ከጎን ወደ ጎን መሄድ ይጀምራል፣ ስፖንጁ ሥር ያለው አቧራም ቀለሙን ይበላዋል። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ለምትጠቀሙበት፣ ለሁለት ቀላል ብስክሌት፣ ይሁን። ከማሰራችሁ በፊት በሩን እጠቡ። በየሳምንቱ ከሆነ ግን ገንዘባችሁን አታባክኑ፣ በኋላ ቀለም ለማስቀባት ነው የምትከፍሉት።

ስኮርታ ጎማው ከኋላ በሩ ላይ የተሰቀለ መኪና ካላችሁ፣ እሱ ላይ የሚታሰር መጫኛ ከቀበቶው ብዙ ይሻላል። የሚገደበው በበሩ ማጠፊያ ነው። ማጠፊያው የስኮርታውን ጎማ እንዲችል ነው የተሠራው፣ ሁለት ብስክሌት ይበቃዋል። በአየር መምጠጫ ኩባያ የሚለጠፉም አሉ። በንጹሕ መስታወትና ላሜራ ላይ በሚገርም ሁኔታ ይይዛሉ፣ እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ ተለጥፎ የሚያድርን ነገር ጠዋት ሳልፈትሸው አልነዳውም፣ ስለዚህ ለእኔ ዓይነት ሰው አይሆንም።

ከተሳቢ መጎተቻው ላይ

እዚህ ነው ነገሩ የሚጣፍጠው። መኪናችሁ ተሳቢ መጎተቻ ካለው፣ ወይም ማስገጠም ከቻላችሁ፣ ከኋላ የሚጫነውን አስቡበት። ከፍታው ጉልበታችሁ አካባቢ ነው። ማንሳት ቀላል ነው። መኪናው አይቧጨርም።

ሁለት ዓይነት መጎተቻ አለ። አንዱ አራት ማዕዘን ጉድጓድ ሲሆን ውስጡ 2 ኢንች ወይም 1 ከሩብ ኢንች ነው፣ ማለትም 50.8 ወይም 31.75 ሚሊሜትር። ሌላው ኳስ ያለው ነው፣ አይኤስኦ 1103 የወሰነው 50 ሚሊሜትር ኳስ። አራት ማዕዘኑ ለሚሠራ ሰው ይመቻል፣ ምክንያቱም ቱቦላሬ ትሰኩበታላችሁ፣ በፐርኖ ትቆልፉታላችሁ። በ2 ኢንቹ ላይ ፐርኖው 16 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ በትንሹ ላይ 13። ኳሱ ግን ክብ ስለሆነ መጫኛው እንዳይዞርና እንዳያዘነብል የሚጨብጠው ከባድ መቆለፊያ ያስፈልገዋል። ይህን በቤት ለመሥራት አትሞክሩ፣ ግዙት።

መጎተቻው ላይ ወይም መመሪያው ውስጥ ወደ ታች የሚችለው ክብደት ተጽፏል። ለትንንሽ መኪኖች 50 ኪሎ ሊሆን ይችላል፣ 75 እና ከዚያ በላይም አለ። እዚህም የመጫኛው ክብደት አብሮ ይቆጠራል። 75 የሚችል መጎተቻ ላይ 20 ኪሎ መጫኛ ስታስገቡ 55 ይቀራችኋል። ሁለት ኤሌክትሪክ ብስክሌት በ25 ኪሎ ይገባል። ባትሪያቸውን አውጥታችሁ ውስጥ ብታስቀምጡ ደግሞ ከእያንዳንዱ ሦስት ኪሎ ገደማ ይቀንሳል፣ ይህን ሁልጊዜ አድርጉት።

አሁን ወደ ርቀቱ። አራት ብስክሌት ልጫን አላችሁ እንበል፣ እያንዳንዳቸው 15 ኪሎ። የመጀመሪያው ከመጎተቻው 30 ሳንቲም ይርቃል፣ ሁለተኛው 55፣ ሦስተኛው 80፣ አራተኛው 105። ክብደቱን በርቀቱ አባዙት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ተደምረው 12.75 ይሆናሉ፣ መለኪያው ኪሎ ሲባዛ በሜትር ነው፣ የመንገዱ ኪሎሜትር አይደለም። አራቱም ሲደመሩ 40.5። ብስክሌቱ በእጥፍ ጨመረ፣ ብረቱን የሚያጎብጠው ኃይል ግን ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ። «ሁለት ከቻለ አራት ምን ያቅተዋል» ማለት እዚህ ጋ ነው የሚያከስረው።

መኪናውም ይሰማዋል። ከኋላ እግሩ 1.5 ሜትር ወደ ኋላ 70 ኪሎ ብትሰቅሉ፣ በፊትና በኋላ እግሩ መካከል 2.7 ሜትር ካለ፣ የፊት ጎማዎቹ ላይ ወደ 39 ኪሎ ይቀልላል፣ የኋላዎቹ ላይ 109 ኪሎ ይጨምራል። ለዚህ ነው መሪው የሚቀለው። የኋላ ጎማ ንፋሱን ሙሉት፣ ዕቃውንም በተቻለ መጠን ወደፊት አድርጉት።

የሚንጠለጠል ወይስ የሚቆም?

መጎተቻ ላይ የሚገባው መጫኛ ብስክሌቱን በላይኛው ቱቦ ያንጠለጥለዋል ወይም ጎማዎቹን ቦይ ላይ ያቆማቸዋል።

የሚንጠለጠለው ቀላል ነው። ብረቱ ትንሽ፣ ሥራው ትንሽ። በጠባብ ቦታ ብዙ ብስክሌት ይይዛል። ግን ብስክሌቶቹ ይወዛወዛሉ። የአንዱ ፔዳል የሌላው ራጂ ውስጥ ይገባል፣ የአንዱ መሪ የሌላውን ቀለም ይልጣል። ላይኛው ቱቦው ዝቅ ያለ ብስክሌት ከመቀመጫው እስከ መሪው የሚዘረጋ ማስማሚያ ዘንግ ይፈልጋል። የልጆች ብስክሌት ብዙ ጊዜ አይገባም። ኤሌክትሪክ ብስክሌት በላይኛው ቱቦው ማንጠልጠል ደግሞ ለፍሬሙም ለእናንተም ጥሩ አይደለም።

የሚቆመው ይከብዳል፣ ይበዛል፣ ብዙ ብረት ይበላል። ግን ማንኛውንም ፍሬም ይቀበላል። የፊት ጎማውን ከላይ በመንጠቆ ይጫነዋል፣ የኋላውን በቀበቶ ያስረዋል፣ ፍሬሙን ምንም አይነካም። ብቸኛ ጠላቱ ፓራፋንጎ ነው፣ መንጠቆው ሲጫን ይጨፈልቀዋል፣ እንደዚያ ከሆነ መንጠቆው ከፓራፋንጎው ፊት ለፊት እንዲያርፍ ታደርጋላችሁ።

ካርቦን፣ ኤሌክትሪክ ወይም ልዩ ልዩ ዓይነት ብስክሌት ያለበት ቤት ከሆነ የሚቆመውን ውሰዱ። ሁሉም ብስክሌት ተራ ከሆነና ቁጥሩ ከበዛ የሚንጠለጠለው ያገለግላል። እኔ ወደ ተንጠልጣዩ አልመለስም።

ላሠራ ካላችሁ

ቱቦላሬ 50 በ50፣ ውፍረቱ 3 ሚሊሜትር፣ በሜትር 4 ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል። ለዋናው ምሰሶ ይሄ ጥሩ መነሻ ነው። ሦስት ብስክሌት ሲጫን ክብደቱ በአማካይ 60 ሳንቲም ቢርቅ፣ የመጫኛውን የራሱን ጨምሮ ኪሎ ሲባዛ በሜትር 33 አካባቢ ይመጣል። ይህ ቱቦላሬው ላይ 40 ሜጋፓስካል (የውጥረት መለኪያ ነው) የማይሞላ ውጥረት ነው። ተራ ብረት ከመጉበጡ በፊት 235 ገደማ ይችላል። ሰፊ ይመስላል አይደል? ጉድጓድ ስትመቱ ግን ሦስት እጥፍ አድርጋችሁ አስቡት፣ 120 ቅርብ ይሆናል። ያ አንዴ አይደለም፣ ሺህ ጊዜ ነው። ብየዳው ላይ ደግሞ ብረቱ ከመጀመሪያው ደካማ ነው።

የመጀመሪያዬ እንዲህ ነው የተሰነጠቀው። ምሰሶው ላይ የቆመ ብረት በይጄ፣ ማዕዘኑን ለማጠንከር ሦስት ማዕዘን ላሜራ ጨመርኩበት። በጣም ኮራሁበት። ከወራት በኋላ አንድ ጠዋት ሳጥበው፣ ከላሜራው ጫፍ ላይ ቀለሙ ላይ ፀጉር የምታህል ቀይ ቡኒ መስመር አየሁ። በጥፍሬ ፋቅሁት፣ አልጠፋም። በጨርቅ ጠረግሁት፣ ከውስጥ እርጥበት ወጣ። ብስክሌቱን አውርጄ መጫኛውን ወደ ታች ስጫነው መስመሩ ከፈት አለ። የተሰነጠቀው ብየዳው ሳይሆን አጠገቡ ያለው ቱቦላሬ ነበር፣ ላሜራው የሚያልቅበት ቦታ ላይ። ለማጠንከር የጨመርኩት ነገር ውጥረቱን ሁሉ ወደ አንድ ነጥብ ሰብስቦ ሰጠው። አሁን እንደዚያ ዓይነት ማጠናከሪያ ስሠራ ጫፉ ቀስ እያለ እንዲቀጥን እቆርጠዋለሁ፣ ጫፉም ላይ በቱቦላሬው ላይ አቋርጬ አልበይድም። የላይኛውን ገጽ በተለይ ተጠንቀቁ። ጭነቱ ወደ ኋላ ሲንጠለጠል የሚለጠጠው የላዩ ነው፣ ስንጥቅ የሚጀምረውም ከዚያ ነው።

አሉሚኒየም ቢሆንስ? ክብደቱ ከብረት አንድ ሦስተኛው ነው፣ ያጓጓል። ግን ግትርነቱም አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው፣ በተመሳሳይ ልክ ብትሠሩት ሦስት እጥፍ ይወዛወዛል። ሲበየድ ደግሞ ብየዳው አካባቢ ያለው ከጥንካሬው ብዙውን ያጣል። ፋብሪካዎች የሚጠቀሙት በተለየ ቅርጽ ሠርተው፣ በሙቀት አጠንክረው ነው። በቤት ብየዳ ከሆነ ብረት ያዙ፣ ቦዮቹን ብቻ ከአሉሚኒየም አድርጉ።

ስለ መንቋቋቱ ልንገራችሁ፣ ሁለተኛው መጫኛዬ የሞተው በዚህ ነው። 50 ሚሊሜትር ቱቦላሬ ወደ 2 ኢንች ጉድጓድ ሲገባ አንድ ሚሊሜትር ገደማ ክፍተት ይቀራል። ምንም አይመስልም። ግን ውስጥ የገባው 15 ሳንቲም ብቻ ከሆነ፣ አንድ ሜትር ወደ ኋላ ላይ ያ አንድ ሚሊሜትር ወደ ሰባት ሚሊሜትር ይሆናል። በየጉድጓዱ ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ድምፁ ብቻ አይደለም፣ እያንዳንዱ ቋታ መዶሻ ነው። መፍትሔው ቀጭን ላሜራ ማስገባት ሳይሆን ፐርኖውን ጥርስ ያለው ቡሎን ማድረግ ነው፦ ቱቦላሬው ውስጥ ዳዶ ትበይዳላችሁ፣ ቡሎኑ ከውጭ ገብቶ ቱቦላሬውን ወደ አንድ ግድግዳ ይስበዋል። በመካከሉ የሚቆልፍ ሮንዴላ አስገቡ። ጸጥ ይላል።

የኋላ በሩን ለመክፈት መጫኛው ወደ ታች እንዲያዘነብል ትፈልጋላችሁ። ማጠፊያ ቡሎን 12 ሚሊሜትር፣ ጥንካሬው 8.8 የተጻፈበት ይበቃል። ቡሎኑ አይቆረጥም። የሚበላው ቀዳዳው ነው፣ በየጉዞው እየሰፋ ሞላላ ይሆናል። ስለዚህ ቀዳዳው ባለበት ቦታ ከሁለቱም ወገን 6 ሚሊሜትር ላሜራ ደርቡ፣ ዳዶውም በራሱ የማይፈታ ናይሎን ያለው ይሁን። ማዘንበል የሚችል መጫኛ ላይ መቆለፊያው አንድ ብቻ አይሁን፣ ሁለተኛ ፒን ጨምሩ።

ቦዮቹን በ25 እና 30 ሳንቲም መካከል አራርቁ። ብስክሌቶቹን አንዱን ወደ ግራ አንዱን ወደ ቀኝ አዙራችሁ ትጭናላችሁ። ያም ሆኖ መሪው የጎረቤቱን መቀመጫ ይነካል፣ የተራራ ብስክሌት መሪ 80 ሳንቲም ሊደርስ ስለሚችል። መፍትሔው እያንዳንዱ ቦይ ወደ ጎን አሥር ሳንቲም እንዲንሸራተት ማድረግ ነው። ቡሎኑ የሚገባበትን ቀዳዳ ክብ ሳይሆን ረጅም አድርጉት፣ በቃ። ከመበየዳችሁ በፊት ብስክሌቶቹን መሬት ላይ አቁማችሁ በሜትር ለኩ። እኔ ያንን አላደረግሁም ነበር፣ ግራይንደር ይዤ ተመለስኩ።

ማርሚታው የት እንደሚተነፍስ እዩ። ከጭስ ማውጫው ቀጥታ ኋላ የተቀመጠ ጎማ ረጅም መንገድ ላይ ይለሰልሳል፣ የካርቦን ቸርኬ ከሆነማ ሙጫው ይበላሻል። ቦዩን ወደ ጎን ወይም ከፍ ማድረግ ነው።

ታርጋ፣ ስቶፕና ፍሬቻ ከተሸፈኑ በብዙ አገር ያስቀጣል፣ ከቅጣቱም በላይ ከኋላ ያለው ሰው ፍሬን መያዛችሁን አያይም። ቀጭን ላሜራ ላይ መብራትና የታርጋ ቦታ አድርጋችሁ ከተሳቢው የመብራት መሰኪያ ጋር አገናኙት። የኋላ በራቸው በራሱ ኃይል የሚከፈት መኪና ያላችሁ ደግሞ ያንን አጥፉት፤ ቁልፉን ኪሳችሁ ውስጥ በስህተት ተጫናችሁ ማለት በሩ የብስክሌቱን መሪ ይገጫል።

አንቲረስት ሁለት ጊዜ፣ ቀለም ሁለት ጊዜ። የቱቦላሬውን ጫፎች ድፈኑ፣ ታች ግን ውሃ የሚወጣባት ትንሽ ቀዳዳ ተዉ። ሙሉ በሙሉ የተደፈነ የሚመስል ቱቦ የሆነ ቦታ ውሃ ያስገባል፣ ከገባ ደግሞ አይወጣም።

ሲያልቅ ሞክሩት

ብስክሌት ከመጫናችሁ በፊት አሸዋ የሞላ ጆንያ ጫኑ፣ ከምትፈልጉት ክብደት እጥፍ። ያድር። ጠዋት ላይ የቱቦላሬውን ጫፍ ከመሬት ለኩ፣ ከማታው ዝቅ ብሎ ከቀረ ጎብጧል፣ ይጣል። ካልጎበጠ ብስክሌቶቹን ጫኑና ከኋላ ሆናችሁ በሁለት እጃችሁ በኃይል ነቅንቁት። መኪናው በሙሉ አብሮ መነቅነቅ አለበት። መጫኛው ብቻ ከተነቀነቀ አንድ ቡሎን አልጠበቀም ማለት ነው።

ከዚያ ቀስ ብላችሁ 20 ኪሎሜትር ያህል ንዱ፣ ኮረኮንች ካለበት መንገድ ይሻላል። አቁሙ። ውረዱ። ሁሉንም ቡሎን በቁልፍ እንደገና አጥብቁ። የመጀመሪያው ቀን ላይ ቢያንስ አንዱ ሩብ ዙር ይዞርላችኋል። ያንን ቡሎን በቀለም ነጥብ አድርጉበት፣ ዳዶውና ቱቦላሬው ላይ አንድ መስመር አስምሩ። በሚቀጥለው ጊዜ መስመሩ ከተሰበረ ሳትነኩት ከሩቅ ታዩታላችሁ።